በተከለለ ምድር ላይ ለእንግዳ ቤት መሥራት ይገባልን?

በአገራችን ልማድ መንገደኛ መሽቶበት ከሰው ደጅ ሲደርስ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ባለቤቱም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ያስገባዋል። በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ሁለት ታላላቅ ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው፥ ባለቤቱ ካለው ላይ ለማያውቀው ሰው ማካፈል ግዴታው መሆኑን ማመኑ ነው። ሁለተኛው፥ እንግዳው እንደ ጌታ ሆኖ አለመምጣቱ ነው። ስለዚህ እንግዳው የቀረበለትን ይበላል፥ በተነጠፈለት ይተኛል፥ ማልዶም አመስግኖ መንገዱን ይቀጥላል፤ ብርድ ቢበረታበት እንኳ የቤቱን ምሰሶ ነቅዬ ልሙቅበት አይልም። እንግዳ መቀበል በመካከላችን ከጥንት ጀምሮ ጸንቶ የኖረው፥ ሁለቱም ወገኖች ወሰናቸውን ስለሚያውቁ ነው።

ነገር ግን የቤቱ ባለቤት ሰው ሳይሆን ተራራ፥ ወይም ደን፥ ወይም የአራዊት መሰማሪያ በሆነ ጊዜ፥ «ቤት ለእንግዳ» የሚለው ማነው? ወሰኑንስ ለእንግዳው የሚነግረው ማነው? ተራራ አፍ የለውም፤ ዋልያም አቤቱታ ጽፎ ለመሥሪያ ቤት አያቀርብም። እንግዲህ በዚህ ስፍራ የባለቤቱን ቃል የሚናገሩለት፥ ቤቱን የሚነድፉት፥ ንድፉን የሚመረምሩትና የሚፈቅዱት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከነዚህም መካከል እንደኛ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሚገኝበት፥ ጥያቄው የሩቅ ጥያቄ አይደለም።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን ነገር ትንሽ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት በሥራችን ምክንያት፥ በአንድ የተከለለ የተፈጥሮ ቦታ ሊሠራ የታሰበ የጎብኝዎች ማረፊያ ንድፍ ከጠረጴዛችን ላይ ደርሶ ነበር። ሥዕሉ እጅግ ያማረ ነው፤ ክዳኑ ሣር፥ ግድግዳው ድንጋይ፥ መስኮቱ ሰፊ፥ በረንዳውም በገደሉ አፋፍ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በሽፋኑ ላይ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል ቃል በጉልህ ተጽፎበታል። እኛም በውበቱ ተማርከን በግርጌው ላይ «መልካም ነው» የሚል አስተያየት ጻፍን። በኋላ ግን የዚያ ደጋ አገር ተወላጅ የሆነ አንድ የሥራ ጓደኛችን ወረቀቱን አገላብጦ አየና፥ «ውኃው ከየት ይመጣል? ማገዶውስ? ቆሻሻውስ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀን። ወረቀቱ ስለነዚህ ነገሮች አንዳች አይናገርም ነበር። እኛም ሳንጠይቅ መፍረዳችንን ዐውቀን አፈርን።

ጥያቄውን በሐሳብ ብቻ ከምናመላልሰው፥ በአንድ በታወቀ ስፍራ ላይ ብናቆመው ይሻላል። ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ደባርቅ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ሲወጣ በሳንቃበር፥ በግጭና በጨነቅ በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች ታላላቅ ገደሎች ይቀርባል። በሌላ አገር ዱር የማይገኘው ዋልያ በዚያ ከቋጥኝ ወደ ቋጥኝ ይረግጣል፤ ጭላዳ በመንጋ ሆኖ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ቀይ ቀበሮም በጓሳው መካከል አይጥ ያድናል። ይህ ምድር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታውጆ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1978 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ መዝገብ በተከፈተ ጊዜ፥ መጀመሪያ ከተጻፉት 12 ቦታዎች አንዱ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ግን ሰፈራውና እርሻው ስለ በዛበት፥ የአራዊቱም ቁጥር ስለ ቀነሰ፥ አደጋ ከተቃጣባቸው ቅርሶች ጋራ ተቆጠረ፤ ከዚያም መዝገብ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ አልተፋቀም።

ለመፋቁ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ እጅግ ከባድ ነበር። ይኸውም፥ በ2016 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ የግጭ ሰዎች፥ ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች፥ ቀያቸውን ለቅቀው ወደ ደባርቅ መዛወራቸው ነው። ሣሩ ከግጦሽ እንዲያርፍ፥ አራዊቱም መሰማሪያቸውን መልሰው እንዲያገኙ ይህ መደረጉ አስፈላጊ ነበር ተብሏል፤ ከብቱ ሲቀንስ ሣሩ ማገገሙም አልቀረም። ቢሆንም የአባቶቹን መቃብርና የእርሻውን ድንበር ትቶ የሄደ ሰው የከፈለው ዋጋ በገንዘብ ብቻ ተመዝኖ አያልቅም።

የሞራሉ ጥያቄ ከዚህ ላይ ይጀምራል። ገበሬው የወጣው ከብቱ ሣሩን ስለ በላ፥ ማገዶው አስታውን ስለ ጨረሰ፥ እርሻውም አፈሩን ስላስጠረገ ነው አልን። በዚያው ምድር ላይ፥ ወይም በአጠገቡ፥ ለሦስት ሌሊት ለሚያድር ጎብኚ ሙቅ ውኃ የሚፈስበት፥ ሌሊቱን ሙሉ እሳት የሚነድበት፥ ቆሻሻውም በገደል የሚጣልበት ቤት ብንሠራ፥ ያ ገበሬ በደባርቅ ገበያ ላይ አግኝቶ «እኔን ያስወጣኝ ጭስ የእንግዳው ሲሆን አይጨስምን?» ቢለን ምን እንመልስለታለን? «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይላሉ አባቶች። ሕግ የሚያወጣና ቤት የሚነድፍ ሰው ለራሱና ለመሰሎቹ ሲቆርስ እንዳያተልቅ መጠንቀቅ አለበት። ድሀውን በድህነቱ ምክንያት አጥፊ፥ ባለጠጋውን በሀብቱ ምክንያት ባለ መብት የምናደርግ ከሆነ፥ ጥበቃ የሚለው ስም ለአድልዎ መሸፈኛ ይሆናል እንጂ ለምድሪቱ ጥቅም አይሰጥም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልናቆመው የምንሻው ሐሳብ አንድ ብቻ ነው። በተከለለ ምድር ላይ ለእንግዳ ቤት መሥራት የሚገባው፥ ለጎረቤቱ ገበሬ የተደነገገው ሕግ በእንግዳውም ላይ የሚጸና ሲሆን ነው፤ የቤቱ ንድፍም ይህ ሕግ በድንጋይና በእንጨት የሚጻፍበት ሰነድ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ከነአካቴው ቤት አይሠራ» ይሉ ይሆናል። ይህ ሐሳብ ንጹሕ ቢመስልም እስከ መጨረሻው አያደርስም። ቤት ባይሠራም ሰው መምጣቱን አይተውም፤ የሚያርፍበት የታወቀ ስፍራ ሲያጣ በየሜዳው ይሰፍራል፥ በየቁጥቋጦው እሳት ያነድዳል፥ በየምንጩ ዳር ይጸዳዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. የጸደይ ወራት በሰሜን ተራሮች የተነሣው እሳት፥ ደረቅ ጓሳና አስታ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚቀጣጠሉ ለሁላችንም አሳይቶናል። ደግሞም ሰው ያላየውን ነገር አይወድም፤ ያልወደደውንም አይጠብቅም። ተራራውን ያላየ ተማሪ ነገ ባለሥልጣን በሆነ ጊዜ ስለ ተራራው የሚቀርብለትን ወረቀት በምን ልብ ይመረምረዋል? እንግዲህ ጥያቄው ቤቱ ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚል ብቻ አይደለም፤ የት ይሠራ፥ እንዴትስ ይሠራ የሚል ጭምር ነው።

የት ይሠራ ለሚለው፥ መልሱን ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻንም። ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያኖቻችን የተሠሩበትን ሥርዓት ያስተዋለ ሰው፥ ቅድስና በደረጃ መከበሩን ያያል። በመጨረሻው ውስጥ መቅደሱ አለ፤ ከርሱ ውጭ ቅድስቱ፥ ከዚያም ውጭ ቅኔ ማኅሌቱ፥ ከዚያ ደግሞ በዛፍ የተከበበው ቅጽር፥ በቅጽሩም በር ላይ ደጀ ሰላሙ ይገኛል። እንግዳው የሚያርፈው፥ ጸበል ጻዲቁም የሚበላው በደጀ ሰላም ነው እንጂ በመቅደስ አይደለም። መቅደስ አለመግባቱም አልተናቅሁም አያሰኘውም፤ ወሰኑ ለሁሉም የቆመ መሆኑን ያውቃልና። የተከለለም ምድር እንደዚሁ ደጀ ሰላም ያስፈልገዋል። አልጋው፥ ወጥ ቤቱ፥ የልብስ ማጠቢያው፥ የመኪናው ማቆሚያና ሱቁ ሁሉ፥ መብራትና መንገድ ቀድሞ በገባበት እንደ ደባርቅ ባለ ከተማ ቢሆኑ፥ ተራራው ከብዙ ጉዳት ይድናል፤ ከተማውም ከእንግዳው ገንዘብ ድርሻውን ያገኛል። ከላይ የሚቀረው፥ ለእግረኛ ዝናብና ብርድ መከለያ የሚሆን ትንሽ ቤት ብቻ ነው። ይህም ቤት ከገደሉ አፋፍ ፈቀቅ ብሎ፥ አራዊቱ ከሚሻገሩበትና ውኃ ከሚጠጡበት ርቆ፥ ቢቻል ሰው አስቀድሞ በረገጠውና ሣሩ በጠፋበት መሬት ላይ መቆም ይገባዋል። ያልተነካ ሣር ተቆፍሮ የተሠራ ቤት፥ በኋላ ምንም ያህል ቢቆጥብ የመጀመሪያውን ዕዳ አይከፍልም።

እንዴት ይሠራ ለሚለው ደግሞ፥ የጓደኛችንን ሦስት ጥያቄዎች ይዘን ብንሄድ ይበቃናል።

መጀመሪያ ስለ ማገዶ። ከፍታው በጨመረ መጠን ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ዝቅ ይላል፤ በ3,600 ሜትር ገደማ፥ ማለት በጨነቅ አካባቢ፥ ውኃ የሚፈላው 100 ሳይሆን 88 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ባቄላው ቶሎ አይበስልም፤ እሳቱም ብዙ ሰዓት መንደድ አለበት። በአንጻሩ በዚያ ብርድ ውስጥ አስታ የሚያድገው እጅግ በዝግታ ነው። ለአንድ እራት የሚነደው እንጨት የብዙ ዓመት ዕድገት መሆኑን የተገነዘበ ሰው፥ ከባዱ ምግብ በከተማው ወጥ ቤት ተዘጋጅቶ እንዲወጣ፥ ለሻይና ለማሞቂያም ከዱር የተቆረጠ እንጨት እንዳይነድ ያዛል። ለሌሊቱም ብርድ መድኃኒቱ እሳት ብቻ አይደለም። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ፀሐይ ይዞ ለሌሊት ያቆያል፤ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት፥ ነፋስ የማያሳልፍ በር፥ ዝቅ ያለም ጣራ ሙቀትን ይጠብቃሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ደገኛው ራሱ በበጉ ጠጉር የሚሠራው ባና አለ። ከጎረቤት የተገዛ አንድ ባና ብዙ ሸክም እንጨት ያድናል፤ ዋጋውም ለባለ በጉ ይደርሳል።

ሁለተኛ ስለ ውኃ፥ ከርሱም ጋራ ስለ ክዳን። ሣር ክዳን ለዓይን ያምራል፤ የአባቶቻችንንም ቤት ያስታውሰናል። ነገር ግን ጓሳው ከየት ታጨደ ብለን መጠየቅ አለብን። ገበሬው እንዳያጭድ በተከለከለው ምድር ታጭዶ ከሆነ፥ ያ ክዳን ጌጥ የለበሰ በደል ነው። ሕግ በፈቀደው ጊዜና ቦታ ታጭዶ ከመንደሩ ሰው የተገዛ ከሆነ ግን መልካም ነው። ቆርቆሮ በበኩሉ ውበት ቢያንሰውም ውኃ ይሰጣል። በአንድ ካሬ ሜትር ክዳን ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል፤ 100 ካሬ ሜትር ክዳን 10 ሚሊ ሜትር ከዘነመበት ወደ 1,000 ሊትር ውኃ ሊጠራቀም ይችላል ማለት ነው። ዝናቡ በክረምት፥ እንግዳው ግን በአብዛኛው በበጋ ስለሚመጣ፥ ከወለሉ በታች ማጠራቀሚያ ያለው ቤት ምንጩን ለዋልያውና ለታችኛው አገር ከብት ይተዋል። እንግዳውም በቀን የሚጠቀምበት ውኃ ተሰፍሮ ቢሰጠው ክብሩ አይቀንስም። ለማገርና ለወራጅም ጥድና ኮሶ ከመቁረጥ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ ዛሬ በየመንደሩ የሚተከለውን ባሕር ዛፍ ከከተማው ገዝቶ መውሰድ ይሻላል። ባሕር ዛፍ የተራራው ልጅ አይደለም፤ ነገር ግን ተገዝቶ ሲመጣ የተራራውን ልጅ ከመጥረቢያ ያድናል። እንግዲህ አገርኛ የሚመስል ሁሉ ለአገር አይጠቅምም፤ ዓይንን የማይማርክም ሁሉ አይጎዳም። የቤቱን ጽድቅ የሚመሰክርለት መልኩ ሳይሆን የሚወስደውና የሚተወው ነገር ነው።

ሦስተኛ ስለ ቆሻሻ። በደጋ ብርድ ውስጥ ቆሻሻ ቶሎ አይበሰብስም። ያለ ጥንቃቄ የተቆፈረ መጸዳጃ ወደ ምንጩ ይሰርጋል፤ ምንጩም ወደ ወንዙ፥ ወንዙም ወደ ተከዜ ይወርዳል። ስለዚህ መጸዳጃው ውኃ የማይፈልግና የማያሰርግ፥ ሲሞላም ተጠርጎ ወደ ታች የሚወርድ መሆን አለበት። የምግብ ትርፍራፊም እንዲሁ ቀላል ነገር አይደለም። ትርፍራፊ ባለበት ቁራ ይበዛል፤ ጭላዳውም ሣሩን ትቶ ልመና ይማራል፤ ከሁሉ የከፋው ግን ውሻ ይከተላል። ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች ከአንድ ጊዜ በላይ ገብቶ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። አንድ ክዳን የሌለው የቆሻሻ በርሜል፥ ሊጎበኙት የመጡትን አውሬ ሊገድል ይችላል ብንል ማጋነን አይሆንም። ወደ ላይ በበቅሎ የወጣው ሁሉ ባዶ ጣሳውም ሳይቀር በበቅሎ መውረድ ይገባዋል።

እንዲህ ያለውን ሕግ ለእንግዳ ብንሰጥ «እንግዳው ይሸሻል» የሚሉ አይጠፉም። እኛ ግን እንግዳን ማክበር ያሻውን ሁሉ መስጠት ነው ብለን አናምንም። ያሻውን ሁሉ የሚያገኝ እንግዳ ብዙ ጊዜ ቤቱን አያከብርም፤ «እንግዳ ፊት ወርቅ፥ ኋላ ብር፥ ኋላ ጨርቅ» የተባለውም ወሰኑን ለማያውቅ እንግዳ ይመስለናል። ሠርክ ሙቅ ውኃ ያለበትን ቤት የሚፈልግ ሰው በከተማ ያገኘዋል። ወደ ተራራ የወጣ ሰው ግን የመጣው ከቤቱ የሌለውን ለማየት ነው። ምክንያቱ ከተነገረው፥ ማለት «ይህ ውኃ የተሰፈረው ምንጩ የዋልያው ስለ ሆነ ነው፤ ይህ እሳት የተከለከለው ጎረቤታችንም ስለ ተከለከለ ነው» ከተባለ፥ አእምሮ ያለው እንግዳ ሕጉን እንደ ክብር ይቀበለዋል።

ወሰንን በፈቃድ መቀበል ለሕዝባችንም አዲስ ነገር አይደለም። በመንዝ የጓሳ ምድር ነዋሪዎቹ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ምድሩን ለተወሰኑ ዓመታት ዘግተው ሣሩን ሲያሳድጉ፥ ከዚያም በአንድነት በተወሰነ ቀን ከፍተው ሲያጭዱ ለብዙ ዘመን ኖረዋል። የጓሳው ሣር ክዳን፥ ገመድና ገሳ ሆኖ ያገለግላቸው ነበርና፥ ያለ ቀኑ ያጨደ ሰው የጎረቤቱን ቤት ክዳን እንደ ገፈፈ ይቆጠር ነበር ቢባል አያስደንቅም። ሥርዓቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. ከመሬት አዋጁ በኋላ ቢዳከምም ነዋሪዎቹ ምድሩን መጠበቃቸውን አልተዉም፤ ኋላም በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ክልል ሆኖ በሕግ ታወቀ። ከዚህ የምንማረው፥ ክልከላ የሚጸናው የሚከለከለው ሰው ከጥቅሙም ከውሳኔውም ድርሻ ሲኖረው መሆኑን ነው። ስለዚህ የእንግዳው ቤት ሲነደፍ ከመሐንዲሱ ጋራ የበቅሎ ነጂው፥ የፓርኩ ጠባቂ፥ ባና የምትሸጠው እናት፥ ከግጭም የመጣው አባወራ መቀመጥ አለባቸው። እነርሱ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፥ ውኃው በየትኛው ወር እንደሚደርቅ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። ከሥራውና ከገቢው ደግሞ ቅድሚያው የእነርሱ ሊሆን ይገባል። ይህ ምጽዋት ሳይሆን ዕዳ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ወረርሽኙ መንገድ በዘጋ ጊዜ፥ በዚያው ዓመት መጨረሻም በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ የውጭ አገር እንግዳ እግሩ አጠረ፤ በእርሱ ላይ ብቻ ተማምነው የነበሩም ተቸገሩ። ቤቱ ለባዕድ ብቻ ከታሰበ ባዕዱ ሲቀር ባዶ ቀፎ ሆኖ ይቀራል። ለጎንደርና ለደባርቅ ተማሪዎች መማሪያ፥ ለመምህራን መሰብሰቢያ፥ ለጠባቂዎችም ማረፊያ እንዲሆን ተደርጎ ከተሠራ ግን እንግዳ ቢመጣም ቢቀርም ሥራ አይፈታም። የአገሩን ተራራ በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ልጅ አንድ ሌሊት እዚያ አድሮ ጭላዳው ከገደሉ አፋፍ ሲወጣ ቢያይ፥ ያ ሌሊት ለተራራው ከብዙ ዘበኛ ይበልጥለታል።

ስለዚያ በመጀመሪያ ስለ ጠቀስነው ንድፍ፥ ወረቀቱን መልሰን አስመጥተን «መልካም ነው» ያልነውን ሰረዝንና በምትኩ አራት ጥያቄዎች ጻፍንበት። ሦስቱ የጓደኛችን ናቸው፤ ውኃው ከየት ይመጣል? ማገዶውስ? ቆሻሻውስ ወዴት ይሄዳል? አራተኛውን እኛ ጨመርንበት፤ «ለዚህ ምድር ሲባል ከቀዬው የወጣ ሰው ይህን ቤት ቢያየው ፍትሕ ነው ይላልን?» መልሱ ገና አልደረሰንም። ሥራው በጥያቄያችን ምክንያት ጥቂት ወራት መዘግየቱንም አንክድም፤ በዚህም ቅር የተሰኙብን አሉ።

ሆኖም ተራራው ከእኛ በፊት የነበረ፥ ከእኛም በኋላ የሚኖር ነው፤ ጥቂት ወራት አያስቸኩሉትም። እንዲህ ያለ ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ የሚደርስ የሥራ ባልደረባችን ሁሉ፥ ሥዕሉን ከማድነቁ በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች ቢጠይቅ፥ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን እንዲህ መጠየቅን ቢያስተምሩ፥ አፍ ለሌለው ባለቤት ቃሉን ተናገርንለት ማለት ነው። በዚያን ጊዜ «ቤት ለእንግዳ» ብለን በሩን ብንከፍት፥ ባለቤቱም ጎረቤቱም እንግዳውም ሳይተፋፈሩ አብረው ሊያድሩ ይችላሉ።